የሰማይ ታክሲና የመንዝ አየር፤ ቀብድ ከመክፈል በፊት

ከአዲስ አበባ መሀል ሜዳ ለመድረስ ወደ 280 ኪሎ ሜትር መንገድ መጓዝ ይጠይቃል። ተሳፋሪው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ይገነጠላል፤ ከዚያም ጉሙንና ጠመዝማዛውን ችሎ ሞላሌን ተሻግሮ መንዝ ጌራ ይገባል። የመርሐቤቴው መንገደኛ ደግሞ ለሚ ከደረሰ በኋላ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ መልሶ ሽቅብ መውጣት አለበት። ለሚና ዓለም ከተማ በቀጥታ መስመር ቢለኩ ርቀታቸው ከ25 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በመኪና የሚፈጀው ጊዜ ግን የርቀቱ ሳይሆን የገደሉ ነው።

እንዲህ ላለው አገር በባትሪ እየሠራ ካለበት ቆሞ የሚነሳ፣ አስፋልትም ድልድይም የማይፈልግ የሰማይ ታክሲ መጣ ሲባል ባለሀብቱ ጆሮውን ቢያቀና አይፈረድበትም። የጓሳን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣው ቱሪስት፣ በግ ገዝቶ በዕለቱ መመለስ የሚፈልገው ነጋዴ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከወረዳ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚላክ በሽተኛ የዚህ አገልግሎት ደንበኞች ሊሆኑ ይችላሉ። ፍላጎቱ አለ። ጥያቄው ያለው በአቅርቦቱ በኩል ነው፤ ዋጋውም በዶላር ብቻ የሚተመን አይደለም።

ገበያው የት ደርሷል?

በዚህ መስክ በስፋት የሚታወቀው አብራሪ አልባ ተሽከርካሪ ኢሃንግ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሚሠራው ኢኤች 216 ኤስ ነው። 16 ፕሮፔለሮች አሉት፤ ሁለት ሰው ይጭናል፤ መሪም ሆነ አብራሪ የለውም። የቻይና ሲቪል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የዲዛይን ብቃት ማረጋገጫ፣ በሚያዝያ 2024 የማምረቻ ፈቃድ፣ በመጋቢት 2025 ደግሞ ለሁለት ኩባንያዎች የማንቀሳቀሻ ፈቃድ ሰጥቶታል። ከቻይና ውጭ ላለ ገዢ የተነገረው ዋጋ 410 ሺህ ዶላር ነው። አንድ ዶላር በ140 ብር ቢታሰብ ከ57 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል፤ ማጓጓዣው፣ ባትሪ መሙያው፣ ማረፊያ ሥፍራውና የቁጥጥር ማዕከሉ ሳይቆጠሩ ማለት ነው።

ይኸው ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በኪጋሊ በተካሄደ የአፍሪካ አቪዬሽን ጉባዔ ላይ በርሮ ታይቷል። በአገራችን በኩል የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2025 መጀመሪያ አርቸር ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ስምምነት አድርጓል። ሆኖም አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። ሚድናይት የተባለው የአርቸር ተሽከርካሪ ክንፍ ያለውና አንድ አብራሪ ከአራት መንገደኞች ጋር እንዲጭን የተሠራ ነው። አብራሪ አልባ አይደለም። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ያሉ ተቆጣጣሪዎች እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ለማንኛውም መንገደኛ ጫኝ የኤሌክትሪክ የሰማይ ታክሲ ሙሉ የዲዛይን ማረጋገጫ አልሰጡም ነበር።

የዘርፉ የሒሳብ መዝገብም ንጹሕ አይደለም። ሊሊየም የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024፣ የአገሩ ልጅ ቮሎኮፕተር ደግሞ በታኅሣሥ 2024 ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው ወደ ፍርድ ቤት ሄደዋል። ቮሎኮፕተር በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ መንገደኛ ለማመላለስ የያዘው ዕቅድም ሳይሳካ ቀርቷል። ኢሃንግ ራሱ በየካቲት 2021 የሽያጭ ውሎቹን የሚጠራጠር የአንድ የባለሀብቶች ጥናት ድርጅት ሪፖርት በወጣበት ዕለት የአክሲዮኑን ዋጋ ከግማሽ በላይ አጥቷል። ኩባንያው ክሱን አስተባብሏል። የሆነው ሆኖ በዚያ ማለዳ አክሲዮን ይዞ የነበረ ሰው ማስተባበያው ከኪሱ የወጣውን አልመለሰለትም።

ስስ አየር፣ ደካማ ባትሪ

ለመንዝና ለመርሐቤቴ ሰው ዋናው ነገር ግን ኒውዮርክ ላይ የአክሲዮን ዋጋ መውጣትና መውረዱ አይደለም። ዋናው ነገር የከፍታው ጉዳይ ነው።

ፕሮፔለር ሰውን የሚያነሳው አየርን ወደ ታች እየገፋ ነው። የሚገፋው አየር ሲሳሳ ፕሮፔለሩ ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ ሞተሩም ይበልጥ ኃይል ይበላል። ኪጋሊ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዓለም ከተማ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። መሀል ሜዳ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች፤ የጓሳ ሣር የሚበቅለውም ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በዓለም አቀፉ የከባቢ አየር መለኪያ መሠረት በመሀል ሜዳ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። አንድ ተሽከርካሪ በአንድ ቦታ ለማንዣበብ የሚፈልገው ኃይል ከባሕር ጠለሉ ጋር ሲነጻጸር በዓለም ከተማ 12 በመቶ፣ በመሀል ሜዳ 17 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ የአምራቹ ጥፋት ሳይሆን የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ቁጥሩን ወደ ገበያ ቋንቋ መመለስ ይቻላል። የኢኤች 216 ኤስ የተነገረለት ርቀት 30 ኪሎ ሜትር፣ የበረራ ጊዜው 25 ደቂቃ ያህል ነው። ይህ ለዝቅተኛ ቦታ የተሰጠ ቁጥር ነው ተብሎ ቢወሰድ፣ በዓለም ከተማ ከፍታ ወደ 27 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከለሚ ዓለም ከተማ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ ተሽከርካሪው ጀማን ተሻግሮ ሲደርስ በባትሪው ውስጥ የሚቀረው ለሁለት ኪሎ ሜትር የሚሆን ኃይል ነው ማለት ነው። ነፋስ ከፊት ቢመጣ፣ ማረፊያው ላይ ከብት ቢገባ፣ ዓለም ከተማ በጉም ብትሸፈንና ወደ ለሚ መመለስ ቢያስፈልግ መጠባበቂያ የለም። ከሥር ያለው ደግሞ ለማረፍ የሚመች ሜዳ ሳይሆን የጀማ ገደል ነው።

ከጣርማ በር መሀል ሜዳ በቀጥታ መስመር 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደብረ ብርሃን መሀል ሜዳ ደግሞ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ዓይነቱ ተሽከርካሪ ሁለቱም ጉዞዎች ከመጀመሪያውም አይታሰቡም። እንደ ሚድናይት ያሉ ክንፍ ያላቸው በአግድም ሲበሩ ኃይል ስለሚቆጥቡ ረዘም ያለ ርቀት ይሄዳሉ። ሲነሱና ሲያርፉ ግን እነርሱም ከዚያው ስስ አየር ጋር ይታገላሉ።

በዚህ ላይ ብርዱ አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣ ሁሉ የሊትየም ባትሪ ብርድ እንደማይወድ ያውቃል። በመንዝ ውርጭ ሌሊቱን ውጭ ያደረ ባትሪ ጠዋት ሙሉ አቅሙን አይሰጥም። ብርዱ የአቅሙን አንድ አሥረኛ ብቻ ቢወስድ ከላይ የተጠቀሰው 27 ኪሎ ሜትር 24 ይሆናል፤ ያ ደግሞ ዓለም ከተማ ሳይደርስ የሚያልቅ ጉዞ ነው። ቀን ላይ ፀሐዩ ሲሞቅ ባትሪው ይነቃል፤ ነገር ግን አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። ሌሊት የባትሪው፣ ቀን የአየሩ ችግር ነው። ክረምት ሲመጣ በረዶው፣ መብረቁና ከገደል አፋፍ ሽቅብ የሚነሳው ነፋስ ይጨመራሉ።

ሞተር ቢጠፋስ?

ሻጮች በመጀመሪያ የሚያነሱት መከራከሪያ የፕሮፔለሮቹን ብዛት ነው። ከ16ቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ቢቆሙ ሌሎቹ ይሸከማሉ ይላሉ። እውነት ነው፤ ለአንድ ሞተር ሄሊኮፕተር የሌለ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ቀሪዎቹ የጎደለውን የሚሸፍኑት ትርፍ አቅም ካላቸው ነው። በስስ አየር ላይ አስቀድመው በሙሉ ኃይላቸው የሚሠሩ ከሆነ ያ ትርፍ ይመናመናል። በባሕር ጠለል የተረጋገጠ ደኅንነት 3,000 ሜትር ላይ በራሱ አይረጋገጥም።

ሌላም አለ። ሁሉም ነገር ቢጠፋ ተራ አውሮፕላን በክንፉ ተንሳፍፎ ሜዳ ይፈልጋል። ሄሊኮፕተርም ወደ ታች ሲወርድ በሚያገኘው ነፋስ ፕሮፔለሩን እያሽከረከረ ሊያርፍ ይችላል። ትናንሽና ቋሚ ፕሮፔለሮች ያሉት ድሮን ይህን ማድረግ አይችልም፤ ያለ ኃይል ይወድቃል። የድንገተኛ ጃንጥላ ቢገጠምለትም ጃንጥላው ለመዘርጋት ከፍታ ይፈልጋል። የባትሪ እሳትም የራሱ ጠባይ አለው፤ አንዱ ሴል ሌላውን እያቀጣጠለ ስለሚሄድ ከተነሳ በኋላ ለማጥፋት ያስቸግራል።

እነዚህ ነገሮች በወረቀት ላይ ያሉ ሥጋቶች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የጆቢ፣ በነሐሴ 2023 ደግሞ የቨርቲካል ኤሮስፔስ የሙከራ ተሽከርካሪዎች ሰው ሳይጭኑ ሲበሩ ወድቀዋል። በመስከረም 2025 ቻንግቹን በተባለችው የቻይና ከተማ ለትርዒት ልምምድ የወጡ ሁለት የኤክስፔንግ ተሽከርካሪዎች አየር ላይ ተጋጭተው አንዱ ሲያርፍ በእሳት ተያይዟል። ሙከራ ማለት ስህተትን ቀድሞ ማግኘት ስለሆነ እነዚህ አደጋዎች ዘርፉን በሙሉ አያስኮንኑም። ነገር ግን ሥራው ገና በሙከራ ላይ መሆኑን ለመንገር ይበቃሉ።

ከቢሾፍቱ የተገኘ ትምህርት

የአብራሪ አልባ በረራ ደጋፊዎች ሁለተኛው መከራከሪያ ከባድ ሚዛን ያለው ነው። ኮምፒውተር አይደክምም፣ አይሰክርም፣ እንቅልፍ አይወስደውም። በአገራችን መንገዶች በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሞታሉ፤ ለብዙው አደጋ ምክንያት የሆነውም ሰው ነው። ስለዚህ የሰማይ ታክሲ መወዳደር ያለበት ፍጹም ከሆነ ነገር ጋር ሳይሆን ከጣርማ በሩ ሚኒባስ ጋር ነው የሚለው ክርክር ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩን የሚሠራውም ሰው ነው። ይህን ከኢትዮጵያ የበለጠ በውድ ዋጋ የተማረ አገር ጥቂት ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች አልቀዋል። ከአምስት ወር ያነሰ ጊዜ አስቀድሞ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም አደጋዎች የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፍቀው ሶፍትዌር የተመረኮዘው በአንድ ሴንሰር መረጃ ላይ ነበር። ሴንሰሩ ሲሳሳት ሶፍትዌሩም አብሮ ተሳሳተ። አብራሪዎቹ ታገሉት፤ አላሸነፉትም። በኋላ እንደታወቀውም የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫውን ሥራ ብዙ ክፍል ለአምራቹ ለራሱ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው ስምምነት ብቻ 2.5 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወስኗል፤ አውሮፕላኑ ለ20 ወራት ያህል ከበረራ ታግዶ ያደረሰው ኪሳራ ለብቻው ነው።

ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብዙ ፕሮፔለር መኖሩ አይበቃም፤ ሁሉንም የሚያዘው ኮምፒውተርና ኮምፒውተሩን የሚመግበው ሴንሰር አንድ ብቻ ከሆኑ 16ቱም አብረው ይሳሳታሉ። ሁለተኛ፣ ሻጩ ራሱ ያረጋገጠው ደኅንነት ደኅንነት አይደለም። ማረጋገጫው ከሽያጩ ጥቅም ከሌለው ወገን መምጣት አለበት። በማክሱ ውስጥ ቢያንስ የሚታገሉ ሁለት አብራሪዎች ነበሩ። በአብራሪ አልባው ውስጥ የሚታገል ሰው የለም።

የአውሮፓ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ መንገደኛ በከተማ ላይ በክፍያ የሚያመላልስ የዚህ ዓይነት ተሽከርካሪ እልቂት የሚያስከትል ብልሽት በቢሊዮን የበረራ ሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይገጥመው ይጠይቃል። አሥር ተሽከርካሪዎች በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ቢበሩ የሚሰበሰበው 7,300 ሰዓት ነው። በዚህ ሒሳብ ቢሊዮን ለመሙላት ከ130 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለሆነም ማስረጃው በልምድ ብቻ ሊገኝ አይችልም፤ በዲዛይን ፍተሻ፣ በክፍሎች ሙከራና ተቆጣጣሪው ሰነዱን በራሱ ዓይን በመመርመር የሚገኝ ነው። ለዚህ ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የባትሪና የሶፍትዌር መሐንዲሶች ያስፈልጉታል። የውጭ ሰርተፊኬት ተቀብሎ ማኅተም መምታት ኃላፊነቱን አያወርድም፤ ምክንያቱም ያ ሰርተፊኬት የተሰጠው ለመንዝ ሰማይ ተብሎ አይደለም።

ኔትዎርኩና ሕዝቡ

አብራሪ አልባ ተሽከርካሪ በመንገዱ ላይ ሳለ ከቁጥጥር ማዕከሉ ጋር በሬዲዮና በሞባይል ኔትዎርክ ይነጋገራል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወሳል። ኔትዎርክ ባለበት ጊዜም የጀማ ዓይነት ጥልቅ ሸለቆ ሞገድን ይጋርዳል። መስመሩ ሲቋረጥ ተሽከርካሪው ምን ያደርጋል? ይቀጥላል፣ ይመለሳል ወይስ ባለበት ያርፋል? ሦስቱም መልሶች ከገደል በላይ ሲሆኑ ዋጋቸው የተለያየ ነው።

ከዚህም ሌላ በሰሜን ሸዋ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተፈጠረው የትጥቅ ግጭት ምክንያት ድሮን የሚለው ቃል ለሰሚው የሚያስታውሰው ታክሲን አይደለም። የአየር ክልሉን የፀጥታ ሁኔታና የሕዝቡን ስሜት በሒሳቡ ያላስገባ ፕሮጀክት፣ ማሽኑ ምንም ያህል ቢሠራ፣ ተሳፋሪም ማረፊያ መሬትም አያገኝም። ጓሳን የመንዝ ሰው ለ400 ዓመት ያህል በራሱ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው ነው፤ ከጭላዳው መንጋ በላይ ምን እንደሚበር የመወሰን ድርሻም አለው።

አረቦኑ ይናገራል

ለነጋዴ የደኅንነት መለኪያው አንድ ነው፤ እርሱም ኢንሹራንስ ነው። የአገር ውስጥ መድን ድርጅቶች የአቪዬሽንን የመሰለ ትልቅ አደጋ ብቻቸውን ስለማይሸከሙ በጠለፋ መድን ወደ ውጭ ያስተላልፋሉ። የውጩ መድን ሰጪ ደግሞ የሻጩን ፊልም ሳይሆን የበረራ መዝገቡን ያያል። በ3,000 ሜትር ላይ በቂ መዝገብ የሌለው ተሽከርካሪ ወይ ዋስትና አያገኝም፣ ወይም አረቦኑ ከቲኬቱ ይበልጣል። ዋስትና ያላገኘ ተሽከርካሪ ለባንክም መያዣ ሊሆን አይችልም።

መዝገቡ ታዲያ እንዴት ይገኛል? መንገዱን ጎረቤቶቻችን አሳይተዋል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ዚፕላይን በተባለ ኩባንያ አማካይነት ደም ወደ ሆስፒታሎች በድሮን ስታደርስ ቆይታለች። ከሰው በፊት ዕቃ ጫነች። ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል አለ። በወሊድ ደም ለሚፈሳት እናት ጀማን ተሻግሮ የሚመጣ የደም ከረጢት ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። እርሱን ጭኖ የሚበር ድሮን ቢወድቅ የሚጠፋው ንብረትና ጊዜ ነው። ባይወድቅ ግን ሁለት ነገር ያተርፋል፤ የእናቲቱን ሕይወትና በዚያ ሰማይ ላይ የተመዘገበ አንድ የበረራ ሰዓት። ሰዓቱ ሲከማች የነፋሱ፣ የውርጩና የባትሪው ጠባይ በቁጥር ይታወቃል። መድን ሰጪው የሚፈልገውም ይህንኑ ቁጥር ነው።

እስከዚያው ወኪል ነኝ ወይም አገናኛለሁ የሚል ደላላ ቢመጣ፣ ቀብድ ከመቆጠሩ በፊት አምስት ነገሮች በጽሑፍ ይጠየቁ። በ3,000 ሜትር ከፍታ፣ ሁለት ሰው ጭኖና በዜሮ ዲግሪ ባደረ ባትሪ ስንት ደቂቃ ይበራል? በዚያ ከፍታ ላይ ሁለት ሞተር ቢቆም ከፍታውን ይዞ ይቆያል? የበረራ ኮምፒውተሩና ሴንሰሮቹ ስንት ናቸው፤ ሲለያዩስ ማን ይወስናል? ኔትዎርክ ሲቋረጥ ምን ያደርጋል? አረቦኑን የተመነውስ የትኛው መድን ሰጪ ነው? አምስቱን የመለሰ ሻጭ ቢገኝ ወግ ነው፤ ስለ ዋጋ መነጋገር ይቻላል። አንዱን ብቻ የዘለለ ከሆነ ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን ማንም አላየም።